ቱሪስቱ ባቱ ላይ ምሳ በልቶ ያልፋል

ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባቱ ዋናው መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሀገራችንን የቱሪዝም ገበያ ያለ አንዳች የጥናት ሰነድ ሊያነበው ይችላል። ጣሪያቸው ላይ ድንኳንና ጀሪካን የጫኑ ላንድክሩዘሮች ከአዲስ አበባ በኩል ይመጣሉ፤ ዓሣ ቤቶቹ ደጃፍ ይደረደራሉ። ፈረንጆቹ ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። ሹፌሩ ለራሱ ዱለት፣ ለእንግዶቹ የዓሣ ጥብስ ያዝዛል። ጊዜ ከተረፈ ወደ ጀልባ መቆሚያው ብቅ ብለው አባ ኮዳዎቹን ፎቶግራፍ ያነሳሉ። ከዚያ ሞተር ይነሳል፤ ጉዞው ወደ ሻሸመኔ፣ ብሎም ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ሸለቆ ይቀጥላል። ለከተማዋ የቀረላት የምሳው ሂሳብና የመኪና ጠባቂው ጉርሻ ነው።

ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ ዝዋይ እያልን የምንጠራት ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ትልካለች፣ ወይን ትጠምቃለች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ትጭናለች። ገንዘብ የማይዘዋወርባት ከተማ አይደለችም። በቱሪዝም ረገድ ግን ከምሳ ቤትነት አላለፈችም። ለምን? የሆቴል እጥረት ነው የሚሉ አሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት የገበያውን አሠራር እንመልከት።

የቱሪስት ገንዘብ የሚቀረው ቱሪስቱ ባደረበት ነው። ምሳ የበላ እንግዳ የሚከፍለው አንድ ሂሳብ ነው። ያደረ እንግዳ ግን አልጋ ይከራያል፣ እራት ይበላል፣ ማታ ቢራውን ወይም ወይኑን ይጠጣል፣ ጠዋት ቁርስ ያዝዛል፣ ጀልባ ይከራያል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል፤ ሹፌሩም በበኩሉ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ያስነፋል፣ መኪና ያሳጥባል። እያንዳንዱ ብር ደግሞ እንደገና ወደ እንቁላል ነጋዴው፣ ወደ ሥጋ ቤቱ፣ ወደ ልብስ አጣቢዋ ይሄዳል። ስለዚህ የባቱ ነጋዴ መቁጠር ያለበት በቀን ስንት መኪና ቆመ የሚለውን ሳይሆን በሌሊት ስንት መኪና አደረ የሚለውን ነው። እኔ ባለፈው ወር ሁለት ሌሊት ባደርኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ከቆሙት መኪኖች መካከል የአስጎብኚ ድርጅት ታፔላ ያለው አንድም አልነበረም። አንዱ የሠርግ፣ የቀሩት የስብሰባና የሥልጠና ነበሩ። የሁለት ሌሊት ቆጠራ ጥናት እንደማይባል አውቃለሁ፤ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ግን ሁልጊዜም እንዲሁ ነው ብላኛለች።

አዲስ አበባ የአስጎብኚ ሥራ የሚሠራ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «ባቱ አድሮ ምን ያያል?» አለኝ። ጥያቄው ንቀት አልነበረበትም፤ እሱ የሚሸጠው የታወቀውን ነው። የውጭ ሀገር ደንበኛ ላሊበላን፣ ሰሜን ተራሮችን፣ ኦሞን በመጽሐፍ አንብቦ ስለሚመጣ ሻጩ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ያልታወቀ ቦታ ለመሸጥ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ማስረዳት ደግሞ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ በመላው አፍሪካ የሳፋሪ ገበያ እየተለወጠ ነው። መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ አንድ አንበሳ የሚከበብበት ፓርክ የሰለቸው ጎብኚ ጸጥ ያለና ስሙ ያልገነነ ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ወፍ ተመልካቹ አለ። ወፍ ተመልካች ከአንበሳ ተመልካች ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል፣ ንጋት ላይ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ለመውጣት ደግሞ እዚያው ማደር አለበት። ለእንግዳ ማረፊያ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከወዴት ይመጣል?

ለመሆኑ በአካባቢው ምን አለ? ሐይቁ ራሱ ወደ 440 ካሬ ኪ.ሜ. የሚሰፋ ነው፤ ጉማሬ አለው፤ አምስት ደሴቶች አሉት። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም የብራና መጻሕፍት ያሉት ሲሆን፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እዚያ መቆየቱ ይተረካል። የደሴቶቹ ሕዝብ ዛይ የራሱ ቋንቋና የራሱ ታንኳ አለው። ከዚያ በደቡብ በኩል፣ ከባቱ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ፣ የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በሻሸመኔ በኩል አልፎ ወደ አርባ ምንጭ ሲታጠፍ ሰንቀሌ ይገኛል፤ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ቆርኬ የተጠበቀበት ስፍራ ነው። ወደ አዳማ መለስ ካልን በአሰላ መንገድ ዴራ አጠገብ ድልፈቃር፣ በምሥራቅ ደግሞ የአዋሽ ፓርክና ፏፏቴው አሉ። የአዋሽ ፏፏቴ ከቆቃ ግድብና ከሸንኮራ እርሻዎቹ የተረፈው ውሃ ተንደርድሮ የሚወርድበት ነው። ይህን ሁሉ ያለ ጥድፊያ በአራትና በአምስት ሌሊት መዞር ይቻላል። ከእነዚህ ሌሊቶች ቢያንስ ሁለቱ የባቱ መሆን የሚችሉ ናቸው።

የባቱ ዕጣ ከሁሉም ይበልጥ የተያያዘው ግን ከአቢጃታ ሻላ ጋር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ፓርኩ በ1960ዎቹ የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪ.ሜ. ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲቋቋም ውሃ ነበር። ያቋቋሙት ሰዎች ያሰቡት ለአንበሳ ወይም ለዝሆን አልነበረም፤ ለወፍ ነበር። ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡትም ያርፉበታል። ሁለቱ ሐይቆች ፊኬ የሚባለውን ተራራ መሐል አድርገው ጎን ለጎን የተኙ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ሻላ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጎድጓዳ ላይ ያረፈ፣ 266 ሜትር ድረስ የሚጠልቅ፣ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ የሚፈላበት ሐይቅ ነው። አቢጃታ ጥልቀት የሌለው ዝርግ ሐይቅ ነው።

የፔሊካኖቹ ነገር ይህን ልዩነት በደንብ ያስረዳል። ሻላ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ላይ አውሬ አይደርስም፤ ስለዚህ ነጭ ፔሊካኖች በሺህ እየሆኑ እዚያ ይፈለፍሉ ነበር። በአፍሪካ ከታወቁት የፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነበር። ሻላ ግን የሚበላ ዓሣ የለውም። ፔሊካኖቹ ጠዋት ተነስተው ተራራውን ተሻግረው አቢጃታ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ለጫጩቶቻቸው ይዘው ይመለሳሉ። በአንዱ ሐይቅ እያደሩ በሌላው ይሠሩ ነበር ማለት ነው፤ ዱከም እያደረ አዲስ አበባ እንደሚሠራው ሰው። አቢጃታ እየሸሸ ሲሄድ ጨውነቱ ጨመረ። ጨውነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ። ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካኑ ሥራ ፈታ። ጨው የማይፈሩት፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ዋቅላሚ እያጠለሉ የሚበሉት ፍላሚንጎዎች ቀሩ፤ ዛሬ ከመንገድ ሆነን እንደ ሮዝ ሻሽ ተዘርግተው የምናያቸው እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ፍላሚንጎም አይቆምም።

አቢጃታ ከ50 ዓመት በፊት 200 ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ ስፋት ነበረው። ዛሬ ከግማሹም በታች ሆኗል። የዱሮው ዳር በኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ቆመው የሚያዩት ነጭ አፈር የተነጠፈበት ሜዳ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ጎማው ሰምጦ እንዳይቀር ሲጠነቀቅ ሐይቁን ሳያየው ይመለሳል።

ውሃው የት ሄደ? የዚህ መልስ ያለው ባቱ ነው።

የውሃውን ጉዞ በቅደም ተከተል እንየው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የቀጣር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርደው ወደ ባቱ ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ ሲሞላ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ይፈሳል። ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ጥቂት ይመጣል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ታዲያ የባቱ ሐይቅ ሰፊ ይሁን እንጂ አማካይ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር አይሞላም። እንዲህ ካለ ሐይቅ ላይ ግማሽ ሜትር ማለት ቀልድ አይደለም፤ ሒሳቡን ለሚወድ አንባቢ 220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ወደ ቡልቡላ የሚወጣው ከላይ የሚተርፈው ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ የተሳበው እያንዳንዱ ሊትር የሚቀነሰው ከአቢጃታ ድርሻ ነው። በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ እንናገር ካልን አቢጃታ የሚኖረው በትርፍ ክፍፍል ነው፤ ትርፍ ከሌለ ድርሻ የለም።

ትርፉን የሚበላው ማነው? አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ ጣት መቀሰር ቀላል ነበር፤ እውነቱ ግን ብዙዎች ነን የሚለው ነው። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ በሺህ በሚቆጠር ፓምፕ ይጠጣል። ትልልቆቹ የአበባና የአትክልት እርሻዎች ይጠጣሉ። የወይን ተክሉ ይጠጣል። ከተሞቹ ይጠጣሉ። በአቢጃታ ዳር ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ቆሞ የሐይቁን ውሃ በገንዳ አስተኝቶ በፀሐይ እያደረቀ ያመርት ነበር። ዝናብ ያጠረባቸው ዓመታትም ድርሻ አላቸው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ነጋዴዎች መካከል የመቂ ቲማቲም ያልሸጠ ይኖር ይሆን? እኔም ማታ ማታ ሰላጣዬን እየበላሁ ነው የምጽፈው።

እነዚህ ሥራዎች ይዘጉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሼር ኢትዮጵያ ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኛ የቀጠረ ድርጅት ነው፤ እንዲህ ያለ የደመወዝ መዝገብ በወፍ ተመልካች አይተካም። ጥያቄው የዋጋ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ የማዳበሪያውን ዋጋ ያውቃል፤ ናፍታ የሚቀዳ የናፍታውን ዋጋ ያውቃል። ውሃው ግን እንደ ነፃ ዕቃ ተቆጥሯል። ነፃ የተባለውን ወጪ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ከታች ያለው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር ከእንግሊዝ ሀገር በመጡ ምሳሌዎች ተምረናል፤ ባቱ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ትርቅ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለቱሪዝም ነጋዴ ምኑ ነው የሚል ካለ ጢስ ዓባይን ያስታውስ። ባሕር ዳር የሄደ እንግዳ ሁሉ ያ ፏፏቴ ሳይታይ አይመለስም ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ መሳብ ጀመረ። መብራት ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በውሳኔው ቀን የኪሎዋቱ ዋጋ ወረቀት ላይ ሲጻፍ፣ የመንገድ መሪዎቹ፣ የጀልባ ሰዎቹ፣ ከድልድዩ አጠገብ ሻሽና ቅል የሚሸጡት ሴቶች ገቢ የትኛው መስመር ላይ ሰፈረ? ዛሬ ጢስ ዓባይን የሚሸጥ አስጎብኚ አስቀድሞ የሚያጣራው ወሩን ነው፤ ከክረምት ውጪ ደንበኛው ድንጋይ አይቶ እንዳይመለስ። ፏፏቴ ያለ ውሃ ገደል ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ቀልደኛ ነው። አቢጃታ ሲሸሽ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ በተቃራኒው እየሰፋ፣ ከሦስት ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል፤ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስለቅቋል። እዚያ ያሉት የሚጨነቁት ውሃውን ወዴት እንሸኘው ብለው ነው።)

ወደ ባቱ እንመለስ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ደላላ አገኘሁ። ሐይቅ ዳር የሊዝ ቦታ አለኝ፤ ለሎጅ የሚሆን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየህ የምትቀመጥበት አለኝ። ገዥ መስዬ ሳይሆን ጋዜጠኛ መሆኔን ነግሬው ተከተልኩት። ቦታው በእርግጥ ያምራል። ደንገልና ሸምበቆ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ፣ ከውሃው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ቁጭ ብሏል።

«ዋጋው ለምን እንዲህ ከፍ አለ?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ የምትገዛው እኮ አፈሩን አይደለም፤ ሐይቁን ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የንብረት ግምት ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

«ሐይቁ ቢሸሽስ?»

ሳቀ። «ሐይቅ ወዴት ይሄዳል?»

«አቢጃታ ወዴት ሄደ?»

ዝም አለ። ቀጥሎ «እሱ ጨው ነው፣ የእኛ ጨው አይደለም» አለኝ። ልክ ነው፤ የባቱ ውሃ ጨው አልሆነም፤ ምክንያቱም ቡልቡላ በኩል እየፈሰሰ ጨዉን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቡልቡላ መፍሰስ ያቆመ ዕለት ባቱ ራሱ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል፤ ያኔ የአቢጃታን መንገድ ይጀምራል። ይህን ስነግረው ደላላው ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። አልፈርድበትም፤ ኮሚሽኑ የሚከፈለው በዚህ ሳምንት ነው። እምቦጭም ሐይቁ ዳር መታየቱን ልጨምርለት አስቤ ተውኩት።

ውድ አንባቢ፣ የባለሀብቱ ሥጋት እዚህ ላይ ነው። ሎጅ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚመልሰው በ10 ወይም በ15 ዓመት ነው። ባንክ ሲበደር የሕንፃውን ፕላን፣ የመሬቱን ካርታ፣ የግብር ክሊራንሱን ያቀርባል። ከፊት ለፊቱ ያለው ውሃ በ15 ዓመት ውስጥ የት እንደሚሆን የጠየቀው የብድር መኮንን ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሲሚንቶው መድን ይገባለታል፤ የሚሸጠው ዕቃ ግን መድን የለውም።

ሌላም የማይዘገይ ነገር አለ። ምሳውም ራሱ አስተማማኝ አይደለም። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው 93 ኪ.ሜ. ፈጣን መንገድ ተከፍቷል፤ መንገዱ እስከ ሐዋሳ ወጥ ሆኖ ሲገናኝ ከአዲስ አበባ ማለዳ የወጣ መኪና ምሳውን ሐዋሳ ይበላል። ፈጣን መንገድ ከተማ አያቋርጥም፤ የዓሣ ቤቱን ታፔላ አይቶ ፍሬን የሚይዝ ሹፌር አይኖርም። ከዚያ በኋላ ባቱ የሚገባው ወደ ባቱ ብሎ የተነሳ ሰው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ይኸው መንገድ የአዲስ አበባና የአዳማ ነዋሪ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ማታውን ሐይቅ ዳር እንዲደርስ ያስችለዋል። መንገዱ ምሳውን ይወስዳል፤ ሌሊቱን ሊያመጣ ይችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ቅዳሜ ንጋት ላይ ለእንግዳው የሚታይ ነገር መኖሩ ነው።

ስለ ሀገር ውስጡ ጎብኚ ከተነሳ፣ እኔ ትልቁን ተስፋ የምጥለው በእሱ ላይ ነው። የውጭው እንግዳ በ2012 በኮቪድ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ዓመታት ሲጠፋ የላንጋኖን አልጋዎች የሞላው የአዲስ አበባ ሰው ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ዱባይ ለዕረፍት ይሄድ የነበረው ቤተሰብ ሒሳቡን እንደገና እየሠራ ነው። ለባለ ዶላሩ እንግዳ ኢትዮጵያ ረክሳለች፤ ለባለ ብሩ ዱባይ ተወድዳለች። ሁለቱም ለባቱ ይጠቅማል፤ የሚያሳዩት ካለ።

ኬንያ ናይቫሻ የባቱ መንትያ ናት ማለት ይቻላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ጣፋጭ ውሃ፣ ጉማሬ፣ ጽጌረዳ፣ ዓሣ። ተመሳሳይነቱ እስከ ባለቤት ይደርሳል፤ ሼር እዚያ የነበረውን ትልቅ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ሸጦ ባቱ ላይ ነው የሰፋው። ናይቫሻም ውሃዋ ሸሽቶ ነበር፤ ጭቅጭቅ ነበር። ልዩነቱ እዚያ የአበባ አምራቹና የውሃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አቋቁመው ከላይ ተራራው ላይ ላሉት አነስተኛ ገበሬዎች አፈራቸውን በሣርና በዛፍ እንዲያስሩ በኩፖን መክፈል መጀመራቸው ነው። ከታች ያለው ነጋዴ ከላይ ላለው ገበሬ ከፈለ፤ ምክንያቱም ንጹሕ ውሃ ከደለል እንደሚረክስ አሰላ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ውሃው ዋጋ እንዳለው ተጽፏል። ናይቫሻ ደግሞ አበባዋን እየሸጠች ሎጅዎቿንም ትሞላለች፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

በእኛ ሀገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለንግድ ውሃ የሚስብ ፈቃድ እንዲያወጣና እንዲከፍል መሠረት ጥሏል። አዋጅ ቁጥር 534/1999 ስለ ተፋሰስ ምክር ቤቶች ደንግጓል። የጎደለው በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጥ የሚከራከር ነጋዴ ነው። እርሻው ጠበቃ አለው፤ ኢንዱስትሪው ጠበቃ አለው፤ ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ጀልባው፣ አስጎብኚው ግን ስለ ውሃ ሲወራ የለም። ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ቢራ አቅርቦት ለመክሰስ የሚሰለፈው ባለ ሆቴል ስለ ቡልቡላ አንድ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በዓመት ውስጥ ምን ያህል ውሃ የግድ ወደ ቡልቡላ ይለቀቅ? ቁጥሩ ይታወቅ፤ ከዚያ የቀረውን እርሻውም ከተማውም ይካፈለው።

የሚነሳ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ፓርኩ ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ ከብት ይግጣል፣ ግራሩ ከሰል ሆኖ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሯል፣ አሸዋው በገልባጭ መኪና እየወጣ የከተማ ሕንፃ ሆኗል፤ የት ያለ ፓርክ ነው የምታወራው የሚል። እውነት ነው። ግን ከሰል የሚያከስለው ሰው ወፍ ጠልቶ አይደለም፤ ከወፉ ያገኘው ነገር ስለሌለ ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላንጋኖ ዳር ሎጅ ሲቃጠል ባለሀብቶች የተነጋገሩት ስለ ጥበቃ ነበር። አጥሩን ከማሳደግ ይልቅ አጥሩ ውጪ ያለው ወጣት በሎጁ ገቢ ውስጥ ምን ድርሻ አለው ብሎ መጠየቅ ይረክሳል። መንገድ መሪነቱ፣ ጀልባው፣ የፈረስ ኪራዩ፣ የአትክልት አቅርቦቱ ለአካባቢው ልጆች ቢሰጥ፣ አንድ ጆንያ ከሰልና አንድ የወፍ ጉብኝት ጠዋት በምን ያህል እንደሚበላለጡ ራሳቸው ያሰሉታል። ሰላም ከሌለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ ገንዘብ ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ባቱ ላይ ሌላ ባለ አምስት ፎቅ የስብሰባ ሆቴል አትሥራ፤ አለ። ሁለት ጥሩ ጀልባ ከነሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ፣ ወፍ በስሙ የሚጠሩ አራት ወጣቶች፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቡና የሚያፈላ ማዕድ ቤት፣ እንዲሁም ከቱሉ ጉዶ ሰዎች ጋር የተጻፈ ውል ከሊፍትና ከመስታወት በጣም ያነሰ ካፒታል ይጠይቃሉ። ትርፉ ቶሎ አይመጣም። ጀልባው በውሃ ላይ የሚሄድ ስለሆነ ግን ባለቤቱ ስለ ውሃው መጠየቁ አይቀርም፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር ሐይቁ ላይ ወጣሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ናቸው፤ «ጋሼ» እያልኩ ነው የማወራቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት እንድመጣ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ደንገሉ ዳር ጉማሬዎች ጆሯቸውን አውጥተው አዩን፤ አሳ በል ንስር ግራር ላይ ሆኖ ጮኸ። ሞተሩን አጥፍተው መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰደዱና መሬት ሲነካ አሳዩኝ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ጋ አይነካም ነበር» አሉኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አልቆጠርኩም አሉ። እንግዳ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያወጡ ስጠይቃቸው ግን ወዲያው መለሱ፤ ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ ሁለት፣ አንዳንዴ ምንም።

ሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ሆኜ ደላላው ደወለልኝ። ቦታው ተሸጧል። ገዥው ስለ ቡልቡላ ጠይቆት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ስለ መብራት ጠየቀኝ፣ ስለ መንገድ ጠየቀኝ» አለኝ። ዋጋውን ግን ሊነግረኝ አልፈለገም።